ሐዋሳ ተሰፍቶ አብነት ያልደረሰው ሸሚዝ

ከአዲስ አበባው አብነት አደባባይ ተነስቶ ወደ ኮካም ሆነ ወደ መርካቶ በእግሩ የሚሄድ ሰው የዓለምን ታላላቅ የልብስ ብራንዶች ስም በየቡቲኩ መስታወት ላይ እያነበበ ያልፋል። ካልቪን ክላይን አለ፣ ቶሚ ሂልፊገር አለ፣ ኤች ኤንድ ኤም አለ፣ ዛራ አለ። አንዳንዱ ከዱባይ ወይም ከቱርክ በሻንጣ የገባ ነው። አንዳንዱ ስሙ ብቻ የተለጠፈበት አስመስሎ የተሠራ ነው። ሌላው ደግሞ ፈረንጅ ለብሶ የጠገበው ልባሽ ነው። ዋጋ ተከራክሮ የሚገዛው የሰፈሩ ልጅ ግን ከእነዚህ ስሞች መካከል ሦስቱ በገዛ አገሩ፣ በእህቶቹ እጅ ለዓመታት ሲሰፉ እንደነበር ማንም አይነግረውም። ካልቪን ክላይንና ቶሚ ሂልፊገር የሚባሉትን ስሞች የያዘው ፒቪኤች ሐዋሳ ላይ ፋብሪካ ነበረው። ለኤች ኤንድ ኤም የሚሰፉት ፋብሪካዎች ደግሞ እስከ መቀሌ ተዘርግተው ነበር። ከዚያ የተሰፋው ሸሚዝ በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻገረ እንጂ ወደ አብነት አልመጣም።

ፒቪኤች ሐዋሳ የነበረውን ፋብሪካ ከዘጋ ዓመታት ተቆጥረዋል። ብዙ ሰው ነገሩን በሁለት ቃል ይዘጋዋል፤ ጦርነትና አጎዋ። ሁለቱም፣ የትግራዩ ጦርነትም ከቀረጥ ነፃ ወደ አሜሪካ የመላክ ዕድሉ (አጎዋ) መነሳቱም፣ እውነት ናቸው። ነገር ግን ጦርነቱ ሳይጀመርና ዋሽንግተን ፊቷን ሳታዞርብን በፊት ሠራተኞቹ ራሳቸው በገፍ እየለቀቁ ነበር። ያንን ካልመረመርን፣ ቀጣዩ ብራንድ ሲመጣ ያንኑ ውል በዚያው ዋጋ እንፈርማለን።

ለመሆኑ እነዚህ ድርጅቶች እንዴት ያለ ንግድ ነው የያዙት? ኤች ኤንድ ኤም እ.ኤ.አ. በ1947 ቬስተሮስ በምትባል የስዊድን ከተማ በአንድ የሴቶች ልብስ ሱቅ ተጀመረ። መሥራቹ ኤርሊንግ ፔርሶን አሜሪካን ጎብኝቶ ሲመለስ፣ ልብስ በብዛትና በርካሽ ከቀረበ ሰው አሮጌው ሳያልቅበት አዲስ እንደሚገዛ ተረድቶ ነበር። በ1968 የአደን ዕቃ የሚሸጥ ሌላ ሱቅ ገዝቶ የወንዶች ልብስ ጨመረበት። በ1976 ለንደን፣ በ2000 ኒውዮርክ ገባ። እንዲህ እያለ በሺዎች የሚቆጠሩ ሱቆች ያሉት የዓለም ድርጅት ሆነ። የዚህ ሁሉ ምስጢር ግን አንድ ነው፤ ኤች ኤንድ ኤም የራሱ የልብስ ፋብሪካ የለውም። ይነድፋል፣ ያዝዛል፣ ይሸጣል። የሚሰፋው ሌላ ነው፤ ማሽኑን የሚገዛው፣ የባንክ ብድር የሚሸከመው፣ ሠራተኛ ቀጥሮ የሚያሰናብተው ሌላ ነው። ስለዚህ አንድ አገር ሲታመስበት ብራንዱ የሚያነሳው ዕቃ የለም፤ ትዕዛዙን ብቻ ያዞራል።

ፒቪኤች በዕድሜ ይበልጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1881 ፔንሲልቬንያ ውስጥ ፖትስቪል በምትባል ከተማ ሞሰስ ፊሊፕስ የተባለ ስደተኛና ሚስቱ በእጃቸው ሸሚዝ እየሰፉ ለድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ይሸጡ ነበር። ካልቪን ክላይንን የገዛው በ2003፣ ቶሚ ሂልፊገርን በ2010 ነው። የዚያን ባልና ሚስት ታሪክ ያነሳሁት ያለ ነገር አይደለም። የሰፉትን የሸጡት እዚያው ሰፈራቸው ላሉ ሠራተኞች ነበር። ገዢያቸውን ያውቁት ነበር። የእኛ ፋብሪካዎች ያጡት አንዱ ነገር ይኸው ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ያመጣቸው ምክንያት በአንድ ቀን አልተፈጠረም። የቻይና ሠራተኛ ደመወዝ እያደገ ነበር። ሚያዝያ 16 ቀን 2005 ዓ.ም. ባንግላዴሽ ዳካ አጠገብ ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ የልብስ ሠራተኞች አለቁ። የዓለም ሸማች «ይህን ልብስ ማን ሰፋው?» ብሎ በኃይል ጠየቀ። ብራንዶቹ አዲስ አገር ይፈልጉ ነበርና በዚያው ዓመት ኤች ኤንድ ኤም ከኢትዮጵያ ፋብሪካዎች የሙከራ ትዕዛዝ ጀመረ። በኅዳር 2006 ደግሞ ይኸው ኩባንያ፣ ልብሱን የሚሰፉለት አቅራቢዎች እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ድረስ ሠራተኛ ሊኖርበት የሚችል ደመወዝ እንዲከፍሉ አደርጋለሁ፣ 850 ሺህ የሚደርሱ ሠራተኞችም ይጠቀማሉ ብሎ ለዓለም አስታወቀ። ጊዜው ሲደርስ የሠራተኛ መብት ተሟጋቾች ቃሉ አልተፈጸመም ብለው ወቀሱት። ኤች ኤንድ ኤም እንዲህ ያለ ቃል በሰጠበት ወቅት ሥራ የጀመረባት አገር የዓለም ዝቅተኛ የልብስ ሠራተኛ ደመወዝ የሚከፈልባት ሆና መገኘቷ ሊያሳስበን ይገባል።

በእኛ በኩል መንግሥት ጥድፊያ ላይ ነበር። የመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከጨርቃ ጨርቅና አልባሳት በዓመት አንድ ቢሊዮን ዶላር ይገኛል ብሎ ነበር። ዕቅዱ በ2007 ዓ.ም. ሲያበቃ የተገኘው ገቢ ከዚያ አንድ አስረኛ አካባቢ ነው። የተወሰደው መፍትሔ የኢንዱስትሪ ፓርክ ሆነ። የሐዋሳው በቻይና ተቋራጭ በዘጠኝ ወር ተገንብቶ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ተመረቀ። 52 ሼዶች፣ ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ወጪ፣ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀም ጣቢያ። ሲሞላ 60 ሺህ ሠራተኛ ይይዛል ተባለ። ፒቪኤች ራሱ ገብቶ ከሕንዱ አርቪንድ ጋር በሽርክና ፋብሪካ ከፈተ፣ አቅራቢዎቹንም አስከትሎ አመጣ። ብራንድ ራሱ የፋብሪካ ባለድርሻ ሆኖ መግባቱ በዚህ ንግድ ብዙም ያልተለመደ ነገር ነበር። ለዚህ ነው ያን ጊዜ ብዙዎቻችን ተስፋ ያደረግነው፤ ተስፋውም መሠረት የሌለው አልነበረም። ሕንፃው ጥሩ ነበር፣ ማጣሪያውም ብዙ አገር የሌለው ነበር።

ደመወዙ ግን ወርኃዊ መነሻው 750 ብር ነበር። በጊዜው ምንዛሬ 26 ዶላር ማለት ነው። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት የቢዝነስና ሰብአዊ መብት ማዕከል በ2011 ዓ.ም. ያወጣው ጥናት፣ ይህ ደመወዝ ልብስ ከሚያመርቱ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው መነሻ መሆኑን አስታወቀ። ራና ፕላዛ የወደቀባት ባንግላዴሽ በዚያን ጊዜ 95 ዶላር ትከፍል ነበር። ጥናቱ እንደሚለው የሐዋሳ ሠራተኞች በዚያ ደመወዝ የቤት ኪራይ፣ ምግብና ትራንስፖርት ችለው ወሩን መጨረስ አልቻሉም። አንዲት ጠባብ ክፍል ለብዙ ሆነው ይከራዩ ነበር። አብዛኞቹ ከሲዳማና ከአጎራባች የገጠር ወረዳዎች የመጡ፣ ከቤተሰብ ርቀው ማደር ያልለመዱ ወጣት ሴቶች ናቸው። ከሥራ ሲወጡ በምሽት መንገድ ላይ የሚደርስባቸው ትንኮሳ ሌላው ስጋታቸው ነበር።

ሥራ አስኪያጆቹ «ሠራተኛው አይረጋም» እያሉ ያማርሩ ነበር። በእርግጥም አልረጋም። የፓርኩ ፋብሪካዎች በአንድ ዓመት ውስጥ የሚለቅባቸው ሰው ቁጥር ከቀጠሩት ጋር የሚስተካከልበት ጊዜ ነበር። ሰልጥና መስመር ላይ የገባች ልጅ እጇ ሲፈታ ትሄዳለች፤ ሌላዋ ከሀ ትጀምራለች። ይህን የዲሲፕሊን ጉድለት አድርገው የጻፉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች ከሐዋሳ ፓርክ በፊት፣ ኢትዮጵያ ውስጥ በሚገኙ አምስት ድርጅቶች ላይ ሥራ ፈላጊዎችን በዕጣ ከፍለው ነገሩን ፈትሸውታል። ዕጣ ወጥቶላቸው ከተቀጠሩት ሲሶዎቹ በመጀመሪያው ወር፣ ከአራት ሦስት እጅ የሚሆኑት ደግሞ በዓመት ውስጥ ለቀቁ። ገቢያቸው ካልተቀጠሩት የተሻለ አልነበረም፤ ከባድ የጤና እክል ግን እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ጉልት ይዛ ወይም ሰው ቤት ሠርታ የምታገኘው ከፋብሪካው የማያንስ ከሆነ፣ መልቀቋ ሒሳብ ያሰበች ሰው ውሳኔ ነው። ጥፋቱን በእሷ ላይ መጫን ነውር ነው።

ከዚያ የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ የዓለም ብራንዶች የሰጡትን ትዕዛዝ መሰረዝ ጀመሩ። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ትግራይ ላይ ጦርነት ተነሳ፤ ለኤች ኤንድ ኤም የሚሰፋው የባንግላዴሹ ዲቢኤል ግሩፕ የመቀሌ ፋብሪካ ሥራ አቆመ። ይህ ፋብሪካ የስዊድን መንግሥት የልማት ገንዘብ ሳይቀር የገባበት ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የያኔው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ባይደን ኢትዮጵያን ከአጎዋ እንደሚያስወጡ አስታወቁ። በቀጣዩ ወር ፒቪኤች ሐዋሳ ያለውን ፋብሪካ እንደሚዘጋ ተናገረ። ታኅሣሥ 23 ዕድሉ በይፋ ተዘጋ። የፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነት የተፈረመው የባይደን ማስታወቂያ በወጣ ልክ በዓመቱ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ነው። ጦርነቱ ቆመ፤ አጎዋ ግን በስምምነቱ ማግስት አልተመለሰም።

አጎዋ ማለት ለልብስ ሰፊው ምን እንደነበር ላስረዳ። አንድ የጥጥ ሸሚዝ አሜሪካ ሲገባ ከዋጋው ወደ ሃያ በመቶ የሚጠጋ መደበኛ ቀረጥ ይጣልበታል፤ ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራ ከሆነ እስከ 32 በመቶ ይደርሳል። አጎዋ ይህን ወደ ዜሮ ያወርደው ነበር። በዚህ ንግድ ፋብሪካው የሚያተርፈው ጥቂት በመቶ ስለሆነ፣ ቀረጡ የተመለሰበት ቀን ትዕዛዙም ወደ ኬንያ ወይም ወደ ሌላ አገር የሚሄድበት ቀን ነው። የሐዋሳ ሥራ በአመዛኙ በአንድ የውጭ አገር ሕግ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ያንን ሕግ ደግሞ እኛ አናወጣውም፣ አንሽረውም።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን የጥጡ ነገር ነው። አጎዋ ለድሃ አገሮች የፈቀደው አንድ ነገር አለ፤ ጨርቁን ከየትም አስመጥተህ አገርህ ላይ ሰፍተህ ላክ ይላል። ስለዚህ ጨርቁ ከቻይናና ከሕንድ፣ ቁልፉና ዚፑ ከውጭ እየመጣ እዚህ ተቆርጦ፣ ተሰፍቶ፣ ተተኩሶ ይመለስ ነበር። ሐዋሳ ላይ የጨርቅ ማምረቻ ለማቋቋም ተሞክሯል፤ ብዙው ግን እንደ ጥንቱ ቀረ። ከአንድ ሸሚዝ ለኢትዮጵያ የሚቀረው እንግዲህ የስፌት ዋጋው ብቻ ነው፤ የስፌት ዋጋው ደግሞ በወር በ26 ዶላር ደመወዝ የተተመነ ነው። ይህ የሆነው ለጥጥ ይመቻል ከተባለ ሦስት ሚሊዮን ሄክታር ገደማ መሬት ውስጥ ከመቶ አምስቱ እንኳ በጥጥ ባልተሸፈነባት፣ መተማና ሁመራ፣ ተንዳሆና አርባ ምንጭ በሚገኙባት አገር ነው። ገበሬው ጥጡን ትቶ ወደ ሰሊጥ ሲዞር፣ ፋብሪካው ጨርቅ ከሻንጋይ ያስመጣ ነበር።

አባቶቻችን ይህን ከእኛ የተሻለ አውቀውት ነበር ብል ማጋነን አይደለም። በጣልያን የጦር ካሳ ተገንብቶ በ1953 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ፣ የድሬዳዋውና የአቃቂው ፋብሪካ ጥጥ ፈትለው፣ ሸምነው፣ አቡጀዲና ካኪ አድርገው ለዚሁ ለእኛው ሰው ይሸጡ ነበር። የተማሪ ዩኒፎርም፣ የወታደር ልብስ፣ አንሶላ። ማሽናቸው አርጅቶ፣ አስተዳደራቸው ተዳክሞ፣ ከውጭ በገባ ርካሽ ጨርቅ ተመትተው ወደ ኋላ ቀሩ። ቅርጻቸው ግን ትክክል ነበር፤ ከማሳ እስከ ገዢ ድረስ ያለው ሰንሰለት በአገር ውስጥ ነበር። አዲሶቹ ፓርኮች ሲሠሩ ለእነዚህ ለነባሮቹ የታሰበው ጥቂት ነው። ለውጭ ባለሀብት በገፍ ከተሰጠው ብድር የተበላሸውም ቀላል አይደለም፤ ዓለም ገና አጠገብ የነበረውን የቱርኩን አይካ አዲስ የኢትዮጵያ ልማት ባንክ በዕዳው ምክንያት መረከቡ ከማንም የተሰወረ አይደለም።

ብራንዶቹም ቢሆኑ ምቹ ጊዜ ላይ አልነበሩም፤ ይህን አለማየት ትንተናውን ጎዶሎ ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ኤች ኤንድ ኤም ከአራት ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ያልተሸጠ ልብስ በመጋዘኑ ተከምሮበት ነበር። በዚያው ዓመት ጥር ወር አንድ ጥቁር ሕፃን ከጦጣ ጋር የሚያመሳስል ጽሑፍ ያለበት ሹራብ አልብሶ በማስተዋወቁ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሱቆቹ በተቃዋሚዎች ተሰባበሩ። በ2021 የሺንጂያንግን ጥጥ አልገዛም ማለቱ ተቆጥሮበት የቻይና ገበያ ጀርባውን ሰጠው። የስፔኑ ዛራ በአጠገቡ ሞሮኮ፣ ፖርቱጋልና ቱርክ እያሰፋ በሳምንታት ውስጥ አዲስ ፋሽን ያወጣል። ቀጥሎ ደግሞ ሺኢን የተባለው የቻይና ድርጅት በዋናነት በኢንተርኔት እየሸጠ በፍጥነት ቀደማቸው። ውድድሩ ከርካሽነት ወደ ፍጥነት ዞሯል። ጨርቁ ከእስያ መጥቶ፣ በጅቡቲ ወደብና በጉምሩክ ቆይቶ፣ ተሰፍቶ በዚያው መንገድ የሚመለስበት አገር በፍጥነት አይወዳደርም። እኛ ርካሽ ጉልበት ይዘን ገበያ ስንወጣ፣ ገዢው ሌላ ነገር መጠየቅ ጀምሮ ነበር።

ኤች ኤንድ ኤም ኬፕታውንና ጆሃንስበርግ ላይ ሱቅ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን አልከፈተም፤ የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብት ዝግ ስለነበር ቢፈልግም አይችልም ነበር። በሩ የተከፈተው በ2016 ዓ.ም. የኢንቨስትመንት ቦርድ ባወጣው መመሪያ ነው። ዛሬም ቢሆን የአብነት ሰው ልብስ የሚያገኘው ከሌላ መንገድ ነው። ልባሽ ማስገባት በሕግ የተከለከለ ሆኖ ሳለ፣ በኮንትሮባንድ በጅግጅጋና በሞያሌ በኩል እየገባ መርካቶ ላይ ይራገፋል። ይህን የሚነግደውንም የሚገዛውንም ልወቅስ አልችልም፤ ልጁን ለማልበስ ሌላ አቅም የለውም። ግን ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚለብሰውን ሸሚዝ የማይሰፋ የልብስ ኢንዱስትሪ፣ የውጭ ትዕዛዝ በቀረ ቀን የሚይዘው ነገር የለውም።

የራስን ስም ይዞ መውጣት እንደሚቻል ግን ታይቷል። ከአብነት እምብዛም በማይርቀው በዘነበወርቅ ሰፈር ቤተልሔም ጥላሁን በ1990ዎቹ መጨረሻ የጫማ ድርጅቷን ሶል ሬብልስን ስትመሠርት የያዘችው፣ ገበሬውም ታጋዩም ሲጫማው የኖረውን የጎማ በረባሶ ነው። ያንን በእጅ ከተሸመነ ጨርቅ ጋር አዋሕዳ እስከ ታይዋን ድረስ በራሷ ስም ሱቅ ከፈተች። ሞዴሏ ሊያ ከበደ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 ለምለም የተባለውን ብራንድ የጀመረችው ገበያ ያጡ ሸማኔዎችን አይታ ነው፤ የእጃቸው ሥራ በኒውዮርክ የልብስ ቤቶች ተሸጠ። የእነዚህ ድርጅቶች መጠን የአንድ ሼድ ሠራተኛ እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ ስልሳ ሺህ ሰው ቀጣሪ ናቸው አልልም። ግን ስሙ የእነሱ ነው፤ ዋጋውን የሚተምኑት እነሱ ናቸው። ፖትስቪል ላይ የተጀመረው ሸሚዝም ከዚያ የተለየ አነሳስ አልነበረውም።

ይህን ሁሉ ዛሬ ማንሳት ያስፈለገኝ ጊዜው እየተመለሰ ስለሆነ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ ከመቶ ብር በላይ ሆኗል። ለውጭ ባለሀብት የኢትዮጵያ ጉልበት እንደገና ረከሰ ማለት ነው። ባለሥልጣኖቻችን በየመድረኩ የሚያቀርቡት ማስተዋወቂያ ይህ ሊሆን ይችላል፤ የሐዋሳዋ ልጅ ግን ጤፍና ዘይት የምትገዛው በአዲሱ ዋጋ ነው። ፓርኮቹን አትዝጉ፣ ብራንዶቹንም አታባርሩ። ለሚመጣው ግን ጨርቁን ከዚህ እንዲገዛ፣ ከምርቱም ለአገር ውስጥ ገበያ እንዲያቀርብ በውሉ ላይ ይጻፍ። ለባሕር ዳርና ለኮምቦልቻ ዓይነት ነባር ፋብሪካዎች ማሽን ማደሻ፣ በየሰፈሩ በረንዳ ላይ ሲንጀር ይዘው ለሚሰፉት ደግሞ የሥራ ቦታና ብድር ይድረስ። ተዘግተው የቆዩ ሼዶች ለአገር ሰው ቢሰጡ የሚጎዳ የለም።

ደመወዙን በተመለከተ አዲስ ሕግ መፈልሰፍ አያስፈልግም። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋምና ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል እንደሚወስን ይደነግጋል። የሐዋሳ ደመወዝ ከዓለም ዝቅተኛው ነው የተባለበት ዓመትም ያው 2011 ዓ.ም. ነው። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ሜይ ዴይ በመጣ ቁጥር ይህንኑ ይጠይቃል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንቡን አውጥቶ፣ ቀጣዩ የልብስ ብራንድ ፊርማውን ከማኖሩ በፊት የደመወዙ ወለል በቁጥር ይታወቅ።